መጥረቢያው ላይ የተቀረጸው ስም፦ ጥራትን ማን ይቆጣጠረዋል?

ሱቅ ገብታችሁ ሁለት መጥረቢያ አያችሁ እንበል። ቅርጻቸው አንድ፣ ክብደታቸው አንድ፣ ሁለቱም ያብረቀርቃሉ። የአንዱ ዋጋ ግን የሌላው አራት እጥፍ ነው። «ለምን?» ስትሉ ባለሱቁ ጎኑ ላይ የተቀረጸውን ስም እያሳየ «ይሄ እኮ ኦሪጅናል ነው!» ይላችኋል። ከፍላችሁ ወጣችሁ። ቤት ደርሳችሁ ደረቅ ግንድ ላይ ሦስት ጊዜ እንዳሳረፋችሁት ስለቱ ተሸረፈ። ይዛችሁት ስትመለሱ ባለሱቁ ብዙ አይናገርም፤ ከጀርባው የተለጠፈውን ወረቀት በጣቱ ያሳያችኋል፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»።

ታዲያ ያንን ሁሉ ገንዘብ የከፈላችሁት ለምኑ ነው? ለብረቱ ነው እንዳትሉ ብረቱ ተሸረፈ። ለስሙ ነው እንዳትሉ ስሙ አልደረሰላችሁም።

ይህ ጥያቄ ትናንት የመጣ አይደለም። ወደ 200 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄደን የአንድ የአሜሪካ መጥረቢያ ፋብሪካን ታሪክ ብንከተል፣ «የጥራት ቁጥጥር» እና «የደንበኛ አገልግሎት» የሚባሉት ነገሮች ለምን እንዳስፈለጉ በደንብ ይገባናል። (ካልተገለጸ በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዓይን የማያየው ነገር

መጀመሪያ ትንሽ ሳይንስ። መጥረቢያ ሁለት የሚጣሉ ጠባዮችን አንድ ላይ ይፈልጋል። ስለቱ ጠንካራ መሆን አለበት፤ አለዚያ ቶሎ ይደነዝዛል። ከጠንካራነቱ ጋር ደግሞ ምትን መቻል አለበት፤ አለዚያ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ጥንካሬ ሲጨምር ምት መቻል ይቀንሳል፤ ምት መቻል ሲጨምር ጥንካሬ ይቀንሳል።

ሁለቱን የሚያስታርቀው እሳት ነው። አረብ ብረት የሚባለው ብረት ውስጡ ትንሽ ካርቦን አለው። ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አግለው በድንገት ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ ሲነክሩት፣ በውስጡ ያሉት አተሞች ወደ ቦታቸው ሳይመለሱ እንደተጨናነቁ ይቀራሉ። ብረቱ በጣም ጠንካራ፣ ግን በጣም ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ እንደገና በለዘብታ፣ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ባለው መካከል ይሞቃል። ያኔ ከጥንካሬው ጥቂት ይቀንስና ምትን የመቻል አቅም ያገኛል።

የድሮ ባለሙያዎች ቴርሞሜትር አልነበራቸውም። የሚያዩት ቀለም ነበር። የተወለወለ ብረት ሲሞቅ ላዩ ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይፈጠራል፤ ሽፋኑ እየወፈረ ሲሄድ ቀለሙ ከገለባ ቢጫ ወደ ቡናማ፣ ከዚያ ወደ ወይን ጠጅ፣ በመጨረሻም ወደ ሰማያዊ ይቀየራል። ባለሙያው ትክክለኛው ቀለም ላይ ካላቆመው አለቀ። ትንሽ ቀድሞ ካቆመ ስለቱ ይሸረፋል፤ ትንሽ ከዘገየ ስለቱ ይታጠፋል።

አሁን ዋናውን ነጥብ ልብ በሉ። መጥረቢያው ተሞርዶና ተወልውሎ ሱቅ ሲደርስ ያ ሁሉ ቀለም ጠፍቷል። በደንብ የተሠራውም የተበላሸውም እኩል ያበራሉ። ሠሪው የሚያውቀውን ገዢው በዓይኑ ሊያየው አይችልም።

ገጠር ውስጥ ይህ ችግር ቀላል መፍትሔ ነበረው። ቀጥቃጩ ሰፈር ውስጥ ነው፤ ቤቱ ይታወቃል፤ የሠራው መጥረቢያ ከተሸረፈ በማግስቱ በሩ ላይ ትቆማላችሁ፣ እሱም ፍሙ ውስጥ ከትቶ ያስተካክለዋል። ዋስትናው ፊቱ ነው። ሠሪውና ገዢው በመቶና በሺህ ኪሎ ሜትር ሲራራቁስ?

ኮሊንስ፦ ከወፍጮ ቤት የተነሳ ፋብሪካ

በ1826 ሳሙኤልና ዴቪድ ኮሊንስ የተባሉ ወንድማማቾች ከዘመዳቸው ከዊሊያም ዌልስ ጋር ሆነው በኮኔቲከት ግዛት፣ ካንተን በምትባል አካባቢ፣ በፋርሚንግተን ወንዝ ዳር የነበረ አሮጌ ወፍጮ ቤት ገዙ። ሁለቱም ወንድማማቾች በሃያዎቹ ዕድሜያቸው መጀመሪያ ላይ ነበሩ። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፦ መጥረቢያ በፋብሪካ መሥራት።

ጊዜው አሜሪካውያን ደን እየመነጠሩ ወደ ምዕራብ የሚስፋፉበት ነበር። መጥረቢያ ለነሱ ቤትም፣ እርሻም፣ ማገዶም ነው። ግን ያኔ የሚሸጠው መጥረቢያ ብዙውን ጊዜ ስለት አልነበረውም። ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ቤቱ ወስዶ፣ የሚሽከረከር ድንጋይ ላይ ለሰዓታት ሞርዶ ስለት ያወጣለታል። የኮሊንሶች አዲስ ነገር ስለቱ የወጣለት፣ ከሱቅ በቀጥታ ወደ ሥራ የሚገባ መጥረቢያ መሸጥ ነበር። የደንበኛን ድካም ወደ ራሳቸው ወሰዱ ማለት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራው በእጅ ነበር። አንድ ባለሙያ በቀን ስምንት ገደማ መጥረቢያ ይቀጠቅጥ ነበር። ተራ ብረት ታጥፎ የዛቢያው ቀዳዳ ይሠራል፤ ፊቱ ላይ ከእንግሊዝ የሚመጣ ውድ አረብ ብረት ይገባና በእሳት ይጣበቃል፤ ከዚያ ይነከራል፣ ይሞቃል፣ ይሞረዳል። ጥራቱ እንደ ባለሙያው፣ አንዳንዴም እንደ ባለሙያው የዕለት ስሜት ይለያይ ነበር።

በ1832 ኤሊሻ ሩት የሚባል መካኒክ ተቀጠረ። ሰውየው የፋብሪካውን አሠራር ከሥሩ ለወጠው። ቀዳዳውን የሚበሳ፣ ቅርጹን በቅርጽ ማውጫ ውስጥ የሚጨምቅ፣ ስለቱን በመሞረድ ፈንታ የሚልግ ማሽን ሠራ። (በኋላ በ1849 ወደ ሽጉጥ ሠሪው ሳሙኤል ኮልት ፋብሪካ ሄዶ በመጨረሻ የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ሆነ።) ሥራው በብዙ እጆች ተከፋፈለ፤ መጥረቢያው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲያልፍም የተበላሸውን ለይቶ የማስቀረት ዕድል ተፈጠረ።

ጥራት ግን በነጻ አልመጣም። የሚያምረው ስለት የሚወጣው ትላልቅ የአሸዋ ድንጋይ መንኮራኩሮች ላይ ነበር። የሞራጆቹ ሥራ ቀኑን ሙሉ የድንጋይ አቧራ መተንፈስ ነው። ዛሬ ሲሊኮሲስ የምንለው የሳንባ በሽታ በመሞረጃ ቤት የሚሠሩ ሰዎችን ገና በጉልምስናቸው ይቀጥፍ ነበር። የሩት የመላጊያ ማሽን መሞረድን ቀነሰው እንጂ አላጠፋውም። «ጥሩ ዕቃ» ስንል ከጀርባው ማን ምን እንደከፈለ አብረን መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

ስም ሲሰረቅ

ኮሊንሶች መጥረቢያቸው ላይ ማህተም ይመቱ ነበር፦ የድርጅቱ ስም፣ ሐርትፎርድ የምትባለው ከተማ፣ «ካስት ስቲል» ማለትም በማቅለጫ ሸክላ ውስጥ የቀለጠ ምርጥ አረብ ብረት፣ ከዚያ ደግሞ «ዋስትና ያለው» የሚል ቃል። ፋብሪካው ያለው ኮሊንስቪል ተብላ በስማቸው በተጠራችው መንደር ነው፤ ሐርትፎርድን የጻፉት ቢሯቸው እዚያ ስለነበረና ከተማዋ ስለምትታወቅ ነው።

ይህ ማህተም የሰፈሩን ቀጥቃጭ ፊት ተካ። ገዢው ኮሊንስን በአካል አያውቀውም፤ ስሙን ግን ያውቀዋል። ባለፈው የገዛው መጥረቢያ ጥሩ ከነበረ በሚቀጥለውም ያንኑ ስም ይፈልጋል።

ዝናው ወደ ላቲን አሜሪካ ሲሻገር ፋብሪካው ከመቶ በላይ ዓይነት ቆንጨራ እስከ መሥራት ደረሰ። በአንዳንድ የላቲን አሜሪካ አገሮች «ኮሊንስ» የሚለው ቃል ራሱ የቆንጨራ መጠሪያ ሆነ። እኛስ? የየትኛውም ድርጅት ውሃ ይሁን ፕላስቲክ ጠርሙሱን «ሃይላንድ» አይደል የምንለው? እንደዚያ ማለት ነው።

ስም ዋጋ ሲያወጣ ሌባ ይመጣል። እንግሊዝ ውስጥ የሚሠሩ አንዳንድ ብረት ሠሪዎች ርካሽ ዕቃ እየሠሩ «ኮሊንስ፣ ሐርትፎርድ፣ ዋስትና ያለው» የሚለውን ማህተም ሳይቀር መቅዳት ጀመሩ። በዛሬ አነጋገር ፎርጅድ መሆኑ ነው። አስቡት፦ ዋስትና ሊሰጥ ቀርቶ ስሙን ሊናገር የማይፈልግ ሰው «ዋስትና ያለው» ብሎ ይቀርጻል! የገዛው ሰው እጅ ላይ ሲሸረፍ ደግሞ የሚረገመው ኮኔቲከት ያለው ፋብሪካ ነው።

በ1857 ድርጅቱ እንግሊዝ ሄዶ አስመሳዮቹን ከሰሰ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ድርጅቱ የውጭ አገር ነው፤ እንግሊዝ ውስጥም አይነግድም፤ ታዲያ በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ስለ ማህተሙ መክሰስ ይችላል ወይ? ዳኛው ዊሊያም ፔጅ ውድ ይችላል አሉ። የሌላውን ሰው ምልክት ተጠቅሞ ማታለል ማታለል ነው፤ የተበደለው የውጭ አገር ሰው መሆኑ በዳዩን ነጻ አያወጣውም። ይህ ውሳኔ በዓለም አቀፍ የንግድ ምልክት ሕግ ታሪክ ውስጥ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። አሜሪካ ራሷ የመጀመሪያውን የፌዴራል የንግድ ምልክት ሕግ ያወጣችው ከዚያ በኋላ፣ በ1870 ነው።

ኮሊንስ በፍርድ ቤት ብቻ አልተማመነም። በኋላ ዘውድ፣ መዶሻ የያዘ ክንድና «ሌጊቲመስ» የሚል የላቲን ቃል ያለበት ምልክት አወጣ። ትርጉሙ «ሕጋዊው፣ እውነተኛው» ነው። በእኛ ሱቅ ቋንቋ? «ኦሪጅናል!»

መቶ መጥረቢያ፣ አንድ ተቆጣጣሪ

እሺ፣ ሌባው ተያዘ እንበል። ማህተሙ ትክክለኛ ነው። ግን ራሱ ባለስሙ የተበላሸ ዕቃ ቢያወጣስ?

ለረጅም ጊዜ ጥንካሬን መፈተኛው ሞረድና ጆሮ ነበር። ሞረዱ ስለቱ ላይ በትንሹ ከነከሰ ጥሩ ነው፤ እንደ መስታወት ከተንሸራተተ ስለቱ ከመጠን በላይ ደርቋል፤ በቀላሉ ከበላው ለስልሷል። ብረቱ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው፤ የታፈነ ድምፅ ካወጣ ውስጡ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል።

ከዚያ ቁጥር መጣ። ከኮሊንስቪል ብዙም በማትርቀው ብሪስቶል ከተማ፣ በኩሽኔታ ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩት ሂዩ ሮክዌልና ስታንሊ ሮክዌል በ1919 የባለቤትነት መብት ያገኙበት መሣሪያ ጥንካሬን በደቂቃ ውስጥ ይለካል። ለጠንካራ ብረት ሹል አልማዝ መጀመሪያ በትንሽ ክብደት፣ ቀጥሎ በትልቅ ክብደት ብረቱ ላይ ይጫናል፤ በሁለቱ መካከል ምን ያህል እንደጠለቀ ይነበባል። ጥልቀቱ ካነሰ ብረቱ ጠንካራ ነው። ዛሬ ጥሩ የሚባሉ መጥረቢያዎች ስለት በዚህ መለኪያ ከ55 እስከ 58 አካባቢ ነው፤ ሞረድ ደግሞ ወደ 65 ይጠጋል።

መሣሪያ አለ ማለት ግን ሁሉም ዕቃ ይፈተሻል ማለት አይደለም። ፍተሻ ጊዜ ይበላል፣ ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ ብዙ ፋብሪካዎች ጥቂት ናሙና ብቻ ያያሉ። እስቲ እናስላው። ከ100 መጥረቢያ 5ቱ የተበላሹ ናቸው እንበል። ተቆጣጣሪው 10 መጥረቢያ በዕጣ አውጥቶ ቢፈትሽ፣ አንድም የተበላሸ ሳያገኝ የመቅረት ዕድሉ ስንት ነው? 58 በመቶ ገደማ! ከግማሽ በላይ በሚሆነው ጊዜ «ሁሉም ደህና ነው» ብሎ ይፈርማል፤ አምስቱም የተበላሹት ተጭነው ወደ ሱቅ ይሄዳሉ። ተቆጣጣሪው አልዋሸም፣ አልሰነፈም። ሒሳቡ ነው እንዲህ የሚለው።

ታዲያ አምስቱን የተበላሹ መጥረቢያዎች በመጨረሻ ማን ያገኛቸዋል? ገዢው። በቤቱ፣ ግንዱ ላይ።

ስለዚህ የደንበኛ አገልግሎት ማለት ስልክ አንስቶ በትህትና «አቤት» ማለት ብቻ አይደለም። የጥራት ቁጥጥር የመጨረሻው ጣቢያ እሱ ነው። የተመለሰ መጥረቢያ መረጃ ይዞ ይመጣል፦ «ሙቀቱ በዝቷል»፣ «ማጣበቂያው አልያዘም»፣ «ዛቢያው ጠማማ ነው»። ፋብሪካው ከተቀበለው ይማራል። «አይመለስም» ካለ ዓይኑን በገዛ እጁ ሸፈነ ማለት ነው።

«ገንዘብዎን እንመልሳለን»

ይህን ቀድመው የተረዱ ነጋዴዎች ነበሩ። አሮን ሞንጎመሪ ዋርድ በ1872 ቺካጎ ውስጥ በፖስታ መሸጥ ጀመረ። ገበሬው ዕቃውን የሚያየው በወረቀት ነው፤ ሻጩን አያውቀውም። ማን ያምናል? ዋርድ በ1875 ካልወደዱት ገንዘብዎን እንመልሳለን የሚል ቃል ገባ። ሳያዩ ለመግዛት የሚያደፍረው ይህ ቃል ነበር።

ቃሉ ለምን እንደሚሠራ በሳይንስ ያብራራው ጆርጅ አከርሎፍ ነው። ይህ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ አጠና። አሜሪካኖች ችግር ያለበትን መኪና «ሎሚ» ይሉታል። ገዢው ሎሚውን ከደህናው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል። ያኔ የጥሩ መኪና ባለቤት «በዚህ ዋጋስ አልሸጥም» ብሎ ይወጣል። ጥሩው ሲወጣ የገበያው ጥራት ይወርዳል፤ ጥራቱ ሲወርድ ዋጋው ይወርዳል፤ እንደገና ከቀሩት የተሻለው ይወጣል። በመጨረሻ ሎሚ ብቻ ይቀራል። አከርሎፍ ከዚህ አዙሪት ያወጣሉ ብሎ ከጠቀሳቸው ነገሮች ሁለቱ ዋስትናና የታወቀ ስም ናቸው። በ2001 የኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር ተካፈለ።

በአገራችንም ጉዳዩ በሻጩ ደግነት ላይ ብቻ የተተወ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. (በኛ አቆጣጠር) የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት የመጨረሻው ቃል አይደለም።

ዛሬስ?

የኮሊንስ ፋብሪካ በነሐሴ 1955 ወንዙ ሞልቶ ባደረሰው ጎርፍ ክፉኛ ተጎዳ፤ በ1966 ተዘጋ። ሕንጻዎቹ ግን አሁንም ወንዙ ዳር አሉ።

ዛሬ መጥረቢያ ለብዙ የከተማ ሰው የዕለት ተዕለት መሣሪያ አይደለም። ግን በአውሮፓና በአሜሪካ ለካምፕና ለእንጨት ሥራ የሚሸጡ በጣም ውድ መጥረቢያዎች አሉ። ገዢዎቻቸው የሚያሰሙት ቅሬታ ከ200 ዓመት በፊት ከነበረው ብዙም አይለይም፦ ዛቢያው ጠማማ፣ ራሱ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ፣ ስለቱ በአንድ በኩል ወፍሮ በሌላው የሳሳ። በዚህ ላይ መልስ የማይሰጥ ኢሜይል፣ ወይም «በእጅ የተሠራ ስለሆነ እንዲህ ነው» የሚል ምክንያት። ልብ በሉ፣ በእጅ መሠራት የውበት ልዩነትን ሊያስረዳ ይችላል፤ የተሰነጠቀ ብረትን ግን አያስረዳም።

የተሻለ መንገድ የመረጡም አሉ። ስዊድን ውስጥ በ1902 የተመሠረተው ግሬንስፎሽ ብሩክ መጥረቢያውን የቀጠቀጠው ባለሙያ የስሙን የመጀመሪያ ፊደላት ራሱ ላይ እንዲመታ ያደርጋል። ከድርጅቱ ስም ጎን የሰው ስም አለ ማለት ነው። ዞሮ ዞሮ ወደ ሰፈሩ ቀጥቃጭ ተመለስን፤ ማን እንደሠራው ይታወቃል።

እናንተስ ሱቅ ውስጥ ምን ማየት ትችላላችሁ? ስለቱን ወደ ዓይናችሁ አዙራችሁ በዛቢያው ርዝመት ተመልከቱ፤ ስለቱና ዛቢያው አንድ መስመር ላይ መሆን አለባቸው። የዛቢያውን ጫፍ እዩ፤ የእንጨቱ መስመሮች ከስለቱ ጋር በአንድ አቅጣጫ ቢሄዱ ይሻላል፤ አቋርጠውት ከሄዱ ቶሎ ሊሰበር ይችላል። ራሱ ዛቢያው ላይ ይነቃነቅ እንደሆነ ወዝውዙት። ደረሰኝ ያዙ። ከሁሉ በላይ ግን ሳትከፍሉ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ቢበላሽስ?» የባለሱቁ መልስ ስለ መጥረቢያው ከማብረቅረቁ የበለጠ ይነግራችኋል።

ዛፍ በመጥረቢያ ሲቆረጥ «ዛቢያው ከኛው ወገን ነው» አለ ይባላል። የታወቀ ስምም እንደዚያ ነው። አስመሳይ ከውጭ ቢመጣ ኮሊንስ እንዳደረገው ፍርድ ቤት ይኬዳል። ስሙን የሚቆርጠው ባለቤቱ ራሱ ሲሆን ግን፣ የተበላሸውን እያሳለፈ፣ የመለሰውን ደንበኛ እያባረረ፣ ማንን ይከሳል?